ባዳ ጆሮ

የካቲት ነው ወሩ፤ ከትሯ ወዲያ ማዶ
የሳን ሉ መስኮቱ ከግድግዳው ወርዶ፣
በብርድ ልብስ ታቅፎ እንደ በሽተኛ
በጭነት መኪና መጣልን ወደ እኛ።
አምስት መቶ ዓመት ቆሞ የኖረ ሰው
ሲጋደም ያሳዝናል፤ ጠረጴዛው አነሰው።

ኦዲል መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋች፣
እርሳሱን በጥፍሯ መታ መታ አረገች፤
"ደክሞታል" አለችኝ። ሌላም አልጨመረች።

መጀመሪያ ሥራው ስስ ወረቀት ማልበስ፣
በወረቀቱ ላይ በእርሳስ መደባበስ፤
እርሳስ በእርሳስ ላይ ሲሄድ ሲመላለስ
ጠቁሮ ብቅ ይላል የየስባሪው ዳር፣
የማን ጎረቤት ማን፣ የማን ከማን ድንበር።
እርሳስ ነው ስሙ እንጂ እርሳስ መች ይረሳል?
መስታወቱ ቢወልቅ ቅርጹን አቅፎ ይኖራል፣
ጥርስ የረገፈበት ድድ መስሎ ይታያል።

ኦዲልንም አልረሳት፤ በየስድስት ወሩ
ሐኪሞች ደሟ ውስጥ እርሳስ ሲቆጥሩ፣
"ዘንድሮ ከበድኩኝ" ብላ ትስቃለች፣
እጇን በሳሙና ሦስቴ ትታጠባለች፣
ደግሞ ወደ ቢላው ትመለሳለች።

የፊቱ ተራ ደርሶ ጥላሸቱን ብንጠርገው፣
በዮሴፍ ግራ ጉንጭ፣ ጉንጭ ሊሆን በሚገባው፣
ግራጫ፣ ጸጉራም፣ ሾጠጥ ያለ ነገር —
የአህያ ጆሮ ነበር።

በረዶ ጥሎ ይሆናል ድሮ በአንዱ ክረምት፣
ረግፎ ይሆናል ጎኑ፣ የስደቱ መስኮት።
ጠጋኙም ድሃ ነው፤ ከወለል አንስቶ
ዮሴፍን ከአህያው በእርሳስ አስማምቶ፣
ዋጋውን ተቀብሎ ሄዷል በሩን ዘግቶ።

ሙሴ ኮርኒሎ ግን፣ የደወሉ ጠባቂ፣
ከማማው ሥር ያገኘውን የብስኩት ቆርቆሮ
ታቅፎ መጣ አንድ ቀን። ስባሪ ሞልቶታል፤
ከሁሉም በታች፣ ድር ለብሶ፣ ጉንጩ ተኝቷል።
እውነተኛው ጉንጭ፦ የጢሙ ጫፍ፣
ከዓይኑ ሥር አንዲት ቀጭን መስመር፣
እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚያወጣት መስመር።
ኦዲል አስገባችው። እንደ ቁልፍ ገጠመ።
እኔ አጨበጨብኩ። እሷ ዝም።

ቅዳሜ ከሰዓት መዳም ኤርሚን መጣች፣
ዘጠና ሊሞላት ነው፤ ከአውቶቡስ ወረደች፣
ፊቱን አየች፣ አየች። "ይሄ ማነው?" አለች።

"ባለጆሮው የት አለ? የታችኛው ሰፈር
ምስጢሩን ለማንም አያወጣም ነበር፣
ለሱ ነው እንጂ። እኔም
ባሌ ከቤት ሲወጣ፣ ልጄ ከወንዝ ሲቀር
ቄሱ ጋ አልሄድኩም። ቄስማ ይመክራል፤
አህያ ግን ይሰማል።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ።
ይሄኛው በባዳነት ገብቶ፣ በሰው ፊት ላይ አድሮ፣
የቤቱ ሰው ሆኗል። ማን ያስወጣው ዘንድሮ?

ማታ ኮቴን ረስቼ ከመንገድ ብመለስ
መብራቱ አልጠፋም። በአንድ እጇ ጉንጩን፣
በአንድ እጇ ጆሮውን፣ ወደ አምፖሉ ይዛ።
ጉንጩ ያምራል፤ ዋሽቼ አልልም አያምርም።
ጆሮው ጠርዝ ላይ ግን፣ በደረቀው ስቱኮ፣
የአውራ ጣት አሻራ ነበረ፣ የዚያ የጠጋኙ።
ኮቴን ሳልወስድ ወጣሁ።

ጠዋት ስገባ ጆሮው ቦታው ላይ ነው።
ጉንጩ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ቁጥር ተጽፎበት፣
ወደ ብስኩት ቆርቆሮው ተመልሷል።
አዲሱን እርሳስ ከመዝጋቷ በፊት
በሆዱ በኩል በመርፌ የሆነ ነገር ጫረች፤
አልጠየቅኳትም። ወደፊት ለሚከፍተው ነው፣
እናቱም ገና ላልተወለደችው።
ስታኞው ቀለጠ፤ ጢሱ ሲበዛ በሩን ከፈትኩ።

ሂሳቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በእርሳስ፦
እርሳስ፣ አርባ ሜትር። ስቱኮ፣ ሁለት ጣሳ።
የመኪና፣ ደርሶ መልስ።
ከሥሩ በራሷ እጅ፣ በቀለም ጨመረች፦
"ጆሮ፣ አንድ። ታጥቧል። አይከፈልበትም።"